220 ጆንያ ቡና ጭነን ወደ ዶርትሙንድ

ማክሰኞ፦ ከፍራንክፈርት ወደ ቩፐርታል

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኤንትሬውን፣ ትንሹን የሞዴል ጭነት መኪናዬን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የመኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛሁትና የደኅንነት ቀበቶ አሰርኩለት። ተሳቢው ለብቻው በሣጥን ገባ። ጭነቱን፣ ማለትም 220 ትንንሽ ጆንያ ቡና፣ ከፊት ወንበር ሥር ደረደርኩ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማ "ቀስ ብለህ ንዳ" አለችኝ። አባቴ ወደ አሰብ ሲነሣ እናቴም የምትለው ይህንኑ ነበር።

ኤንትሬ የሚባለው ፊያት 682 ኤን 3 መሆኑን በአሰብ መንገድ ዳር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፊያት የ682ን ዘር ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በአፍሪካ መንገዶች ላይ ብዙ ዘመን ከማገልገሉ የተነሣ ጣሊያኖች "የአፍሪካ ንጉሥ" ይሉታል። አባቴ ሰማያዊ ኤንትሬ ከነተሳቢው ለ17 ዓመት ነድቷል፤ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ፣ ከአሰብ ደግሞ ተመልሶ አዲስ አበባ።

የእኔው ኤንትሬ በሪሞት የሚነዳ ሲሆን ከእውነተኛው 14 ጊዜ ያንሳል። ሁለት ሜትር ተኩል የነበረው ስፋት 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኗል። ክብደት ግን እንደ ርዝመት አይካፈልም። 14 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚመጣው በ2,744 ነው የሚካፈለው። ስለዚህ አንድ ኩንታል ቡና 36 ግራም ይሆናል፤ አባቴ ይጭነው የነበረው 220 ኩንታል ደግሞ ስምንት ኪሎ ገደማ። እኔና ባለቤቴ ክረምቱን ሙሉ ጆንያ ስንሰፋ ከረምን። እያንዳንዷን በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘንን ጥሬ ቡና ሞላንባት። አሸዋ መሙላትም ይቻል ነበር። አባቴ ግን አሸዋ ጭኖ አሰብ አልወረደም።

መንገዴ በሊምቡርግ ወደ ኮሎኝ የሚወስደው አውራ ጎዳና ነው። ከሊምቡርግ በኋላ ያለውን የኤልዝን ዳገት ከባድ መኪኖች ተከታትለው ሲወጡ አየሁ። በተቃራኒው በኩል የሚወርዱት በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዱ ታዘዋል። የሹፌር ልጅ ስለሆንኩ ሳላስበው እግሬ ፍሬን ፈለገ።

ቩፐርታል የሚጠብቁኝና ወደ ዶርትሙንዱ የሞዴል ትርኢት አብረውኝ የሚሄዱት ወዳጄ 76 ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። የተዋወቅነው እ.ኤ.አ. በ2006፣ እኔ ባጠፋሁት ጥፋት ነው። በዚያን ጊዜ ሪሞቶቻችን የሚሠሩት በ40 ሜጋኸርትዝ ነበር። በላኪውና በተቀባዩ ውስጥ ጥንድ ክሪስታል ይገባል፤ ቻናሉን የሚወስነው እሱ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቻናል ከከፈቱ መኪኖቹ የማንን ትእዛዝ እንደሚሰሙ አያውቁም። ለዚህ ሲባል በየመንጃ ሜዳው አንድ ሰሌዳ ይሰቀላል። በሰሌዳው ላይ የቻናል ቁጥር የተጻፈባቸው የእንጨት የልብስ መቆንጠጫዎች ይደረደራሉ። መቆንጠጫውን አንሥቶ አንቴናው ላይ የሰካ ሰው ቻናሉ የእሱ ነው፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በመቆንጠጫና በሰው እምነት ብቻ አዳራሽ ሙሉ መኪና ይነዳ ነበር።

እኔ አዲስ ነበርኩና ሰሌዳውን ልብ አላልኩትም። ሪሞቴን ገና ስከፍት ከአዳራሹ ማዶ አንድ የጭነት መኪና ተፈትልኮ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ። መኪናው እዚያው ቩፐርታል የተሠራ ባለ አሉሚኒየም ቬዲኮ ነበር። ጋቢናው ተጨመደደ። ባለቤቱ ጎንበስ ብለው አነሡት፣ ወደ እኔ አዩ፣ ቀስ ብለው መጡ። አንቴናቸው ላይ 53 የተጻፈበት መቆንጠጫ ተሰክቷል። የእኔም ክሪስታል 53 ነበር። አልጮሁብኝም። ሪሞቴን በራሳቸው እጅ አጠፉና "መዶሻ መያዝ ትችላለህ?" አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ ጋቢናውን አብረን አቀናነው። ያ ቅዳሜ እስከ ዛሬ አላለቀም።

በጀርመንኛ "አንተ" እንድላቸው ከፈቀዱልኝ ቆይቷል። በአማርኛ ስጽፋቸው ግን እጄ እሺ አይለኝም።

በአምስት ሰዓት ደረስኩ። የተንጠለጠለው ባቡር፣ ከ1901 ጀምሮ ከወንዙ በላይ የሚሄደው፣ ገና ከሩቅ ድምፁ ይሰማል። ባለቤታቸው ባለፈው ሳምንት ደውለው በጾም ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ አንድ በአንድ ጠይቀውኝ ነበር። ቅቤም ወተትም ያልነካው የአተር ሾርባ ቀረበልኝ። እሳቸውም ከእኔ ጋር ያንኑ በሉ።

ማታ ምድር ቤት ወደሚገኘው መሥሪያቸው ወረድን። እዚያ ስንገናኝ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምናደርገው መኪናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ማየት ነው። የኤንትሬውን ጋቢና ውስጥ ዕቃ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዳሽቦርዱን፣ መቀመጫውን፣ የማርሽ ዘንጉን። በየካቲት በፖስታ ልከውልኝ ነበር። ስከፍተው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ወዲያው ግን አንድ ነገር አየሁ፤ መሪው በግራ ነው። የድሮ የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ ሹፌሩ የተራራውን መንገድ ጠርዝ አሻግሮ እንዲያይ። የአባቴም በቀኝ ነበር። ያን ሁሉ የደከሙበትን ሥራ እንዴት ብዬ ልንቀፈው? ሁለት ወር ሙሉ ዋጥኩት።

ዛሬ ማታ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና "ለምን እስካሁን ዝም አልክ?" አሉኝ። ተቆጥተው ነው። በ2006 ያልተቆጡት ሰውዬ ዛሬ ተቆጡ። ጋቢናውን ስበው ዳሽቦርዱን በካቻቢቴ ፈልቅቀው አወጡት።

ረቡዕ፦ ምድር ቤት

ከጠዋት እስከ ማታ ከምድር ቤት አልወጣንም። በአንድ ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ዝርግ ላይ አዲስ ዳሽቦርድ ነደፍን። እሳቸው ለኩ፣ እኔ ቆረጥኩ። እጃቸው ከአምና ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፤ መጋዝም ሆነ መበየጃ አይዙም። መብራቱን ግን ማንም እንደሳቸው አይዝም፤ ጥላዬ በሥራዬ ላይ እንዳያርፍ ሳልናገር ያዞሩልኛል።

ያላሰብነው ችግር የሹፌሩ አሻንጉሊት ሆነ። ቁመቱ ተቀምጦ ሳለ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። የግራ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። ወደ ቀኝ ወንበር ሲዛወር ክርኑ ወደ ጋቢናው መሐል ሆነ። አባቴ ደግሞ ክርኑን ከመስኮት አስገብቶ አያውቅም፤ ቀኝ እጁ ከግራው ይልቅ የጠቆረው ለዚህ ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም እጆች ከትከሻው ቆረጥናቸው። በቀጭን መጋዝ፣ እስትንፋሴን ይዤ። የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ ማጣበቅ አይሆንም፣ አውራ ጣቶቹ ይገለበጣሉ። ክርኑን አሙቆ ማጠፍ፣ የመሪውን መያዣ ከእጁ ማላቀቅ፣ መዳፉን በሞረድ መቅረጽ ግድ ሆነ። ለአንድ እጅ ሦስት ሰዓት ወሰደብን። ሲያልቅ ቀኝ ክንዱን በቡናማ ቀለም አንድ ደረጃ አጠቆርኩት። ምክንያቱን አልጠየቁኝም፤ የእሳቸው የጠቆረው ክንድ የግራው ነው።

በ1970ዎቹ ከጀርመን እስከ ቴህራን ጭነት አመላልሰዋል። በምሥራቅ ቱርክ የሚገኘውን የታሂር መተላለፊያ ሲያወሩ አባቴ ስለ ጣርማ በር የሚያወራበት ድምፅ ይሰማኛል። ዛሬም በረዶ ላይ ወደ ኋላ የተንሸራተተ መኪና ሲተርኩ "እናንተ አገር እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ?" አሉ። ስለ ረዳት ነገርኳቸው። ረዳቱ ታኮ ይዞ ከመኪናው ጋር ዳገቱን እየሮጠ እንደሚወጣ፣ መኪናው ባመነታ ቁጥር ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር እንደሚያስገባ፣ የሹፌሩ ሕይወት በእሱ እጅ እንደሆነ። ብዙ አሰቡበት። ከዚያ ከማዕዘኑ የባሉጥ እንጨት ቁራጭ አነሡና በሞርሳ አስረው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው፣ በሞረድ ብቻ አውራ ጣት የምታህል ታኮ አወጡ። ጠርዟ ትንሽ ጠማማ ነው። እንዳቀናው አልፈቀዱልኝም።

ሐሙስ፦ ዶርትሙንድ

በቬስትፋለንሃለን አዳራሾች የሚደረገው ኢንተርሞዴልባው የሚባለው የሞዴል ሠሪዎች ትርኢት ዛሬ ተከፈተ። ባቡሩ፣ መርከቡ፣ አውሮፕላኑ ሁሉ አለ። እኛ በቀጥታ ወደ ከባድ መኪኖቹ ሄድን። የወዳጄ ማኅበር ከአፈርና ከእንጨት የሠራው የመንጃ ሜዳ አለው። ጋራ፣ ድልድይ፣ የድንጋይ ካባ፣ በእውነተኛ የዘይት ግፊት የሚሠሩ ቁፋሮ ማሽኖች።

የጃፓኑ ሞዴል ሠሪ ታሚያ ኪንግ ሃውለር የሚባለውን የጭነት መኪና በ1 ለ14 ልኬት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ከዚያ ወዲህ ልኬቱ የብዙዎቻችን መገናኛ ቋንቋ ሆኗል። የእኔ አክስል ለእሳቸው ሻንሲ፣ የእሳቸው ጎማ ለእኔ ቸርኬ ይሆናል። ሰብሳቢዎች የሚዋደዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ በአንዱ መሳቢያ ትርፍ ሆኖ የተቀመጠ ብሎን ለሌላው የዓመት ሥራ ማቆሚያ ነው።

ዛሬ አልነዳንም። ቦታ ያዝን፣ ሰላም አልን፣ እግራችን እስኪደክም ዞርን።

ዓርብ፦ ዳገቱ

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጆንያዎቹን ጫንን። 100 በመኪናው፣ 120 በተሳቢው፤ ሸራ አለበስናቸው፤ ገመድ አሰርን። ሪሞቱን ለወዳጄ ዘረጋሁላቸው፤ በዕድሜም፣ በሙያም፣ በድካምም የሚገባቸው እሳቸው ናቸው። አልተቀበሉኝም። ታኮዋን ከኪሳቸው አወጡና በጀርመንኛ ንግግራቸው መሐል በአማርኛ "ዛሬ ረዳት ነኝ" አሉ። "ረዳት" የሚለውን ቃል ሌሊቱን ሲለማመዱ እንዳደሩ በኋላ ባለቤታቸው ነገሩኝ።

አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ተነሣሁ። ስምንት ኪሎ ተጭኖበት ኤንትሬው ባሌስትራው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ማየት ነበረባችሁ። ባዶውን ሲሄድ እንደ መጫወቻ ይፈነጥዛል። ሲጫን ግን ጎማው አፈሩን ይጨብጣል፣ ጋቢናው ይከብዳል፣ ኩርባ ላይ ተሳቢው ዘግየት ብሎ ይከተላል። በልጅነቴ ከኮምቦልቻ ወዲያ በግንብ ላይ ተቀምጬ ያየሁት አኳኋን ነው። አፌ ደረቀ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ቆመ። ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ኋላ እንዳየነው የኃይል ማስተላለፊያው ዘንግ ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ላልታ ወድቃለች። ዘንጉ ከሞተሩ ሲላቀቅ ደግሞ የሚይዘው ፍሬን የለም፤ በኤሌክትሪክ የሚነዱት መኪኖቻችን የሚቆሙት በዚያው በሞተራቸው ነው። ከበስተኋላው ድልድዩ፣ ከድልድዩ በታች ሲሚንቶ ወለል። ሪሞቱን መጭመቅ ምንም አልረዳኝም።

ወዳጄ በዚያ ዕድሜያቸው አጥሩን ተሻግረው አፈሩ ላይ ተንበረከኩ። ታኮዋን ከኋላ ጎማ ሥር አስገቡ። እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ተሳቢው ሊተጣጠፍ ጥቂት ሲቀረው ሁሉም ነገር ረጋ።

እኔ ለመናገር አልቻልኩም። እሳቸው ግን እዚያው እንደተንበረከኩ ቀና ብለው "ሹፌር፣ ያዝኩት" አሉኝ።

ከጎናችን ከነበረው ጠረጴዛ 14 ዓመት የማይሞላው ልጅ ሦስት ሚሊ ሜትር ብሎንና የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ይዞ መጣ። ገንዘብ ስሰጠው አባቱን አየ፤ አባቱ ራሱን ነቀነቀ፤ ልጁ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዳገቱን ወጣን፣ ወረድን፣ እንደገና ወጣን።

ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ጣሊያናዊ አጥሩን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ጀርመንኛ አያውቁም፤ እኔ ጣሊያንኛ አላውቅም። በጣታቸው የፊት መብራቱን ሲያመለክቱ እኔ ወደ ጎን ወርጄ የማዞሪያ መብራቱን ነክቼ "ፍሬቻ" አልኳቸው። ደነገጡ። "ባሌስትራ"፣ "ካምቢዮ"፣ "ፍሪሲዮን"፣ "ቸርኬ"፣ "ዳዶ"፣ "ብሎን"፤ አባቴ መኪና ሥር ተኝቶ አቀብለኝ እያለ ያስተማረኝን ሁሉ ቆጠርኩላቸው። አንዳንዱን ሳቅ እያሉ አቃኑልኝ፤ አብዛኛውን ግን ደገሙት። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን እኛ ጋራዥ ውስጥ ጣሊያንኛ ስንናገር ኖረናል። ከመሄዳቸው በፊት ጎንበስ ብለው በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ጣታቸውን በቀኝ በኩል ባለው መሪ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔና ወዳጄ ተያየን።

ቅዳሜ፦ የጠጠሩ ጉድጓድ

ከከተማ ወጣ ብሎ ሥራ ባቆመ የጠጠር ማውጫ የወዳጄ ወዳጆች በቤንዚን የሚሄዱትን ይዘው ይጠብቁን ነበር። እነዚህ 1 ለ5 ናቸው፤ ርዝመታቸው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደታቸው አሥር ኪሎ አካባቢ። 23 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ሞተር አላቸው፤ ቤንዚኑ 25 ለ1 በዘይት ይበጠበጣል። አቧራቸውና ጭሳቸው ልብስ ላይ ሁለት ቀን ይቆያል። እኔ የጭነት መኪና ሰው ነኝ፤ ሲዘሉ ሳይ ግን ልቤ አብሯቸው ይዘላል።

ከሰዎቹ አንዱ በርካታ መኪኖች ሰብስቧል፤ ግማሾቹ ካርቶናቸው እንኳ አልተከፈተም። ሲያረጁ ይወደዳሉ ብሎ ነው ያስቀመጣቸው። መልካም ሰው ነው፣ ቡናዬንም ወዶልኛል። በዚህ ግን አንስማማም። መኪና ተብሎ የተሠራ ነገር መሬት ሳይነካ ማርጀቱ ያሳዝነኛል። ጎማው በካርቶን ውስጥም ይደርቃል። ይህንን ነገርኩት፤ እሱም የእኔን የተጫጫረ ጋቢና እያየ የሚያሳዝነው ይህ እንደሆነ ነገረኝ። ተከራከርን፣ ከዚያ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ተራ በተራ እየጎተትን የወዳጄን መኪና አስነሣን። ወዳጄ ገመዱን መሳብ አይችሉም። ሲነዱ ግን በዚያ ሜዳ የሚቀድማቸው አልነበረም።

ማታ ስንመለስ በመሥሪያቸው ግድግዳ ላይ 53 የተጻፈበት መቆንጠጫ እንደ ወትሮው ተሰክቶ አየሁት። አሁን ሁላችንም በ2.4 ጊጋኸርትዝ ነን፤ ሪሞቱ የራሱን ተቀባይ ብቻ ያውቃል፣ ማንም የማንንም መኪና አይጥልም። ጥሩ ነው። ያለዚያች መቆንጠጫ ግን እኔ እዚህ ቤት አልገባም ነበር።

እሑድ፦ መልስ

በጀርመን እሑድ ቀን ትልልቅ የጭነት መኪኖች እንዳይሄዱ ክልክል ነው። ማረፊያዎቹ ሁሉ በቆሙ መኪኖች ሞልተዋል፤ ሹፌሮች በትንንሽ ምድጃ ምሳቸውን ያበስላሉ፣ ልብስ ያሰጣሉ። የኤልዝን ቁልቁለት ባዶውን ወረድኩት።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። ወዳጄ ናቸው። "ደረስክ?" አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያው "የስኮርታው ጎማ የት ነበር የሚቀመጠው?" አሉ። ከተሳቢው ሥር አድርገነው ነበር። እርግጠኛ ስላልሆንኩ አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። አልዘገየችም። "ከጋቢናው ጀርባ ነበር እንጂ" አለች፣ "አባትህ ሲደርስ ጋቢውን እዚያ ላይ ያሰጣ ነበር። ሁልጊዜ የጎማ ሽታ እየሸተተ ነው የማጥበው።"

ለወዳጄ መልሼ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉ። እርሳስ ሲፈልጉ ይሰማኛል።

"ጋቢ" አሉ፣ "ርዝመቱ ስንት ነው?"

ከቁም ሣጥኑ አወጣሁት፤ ባለቤቴ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሌላውን፤ በሳሎኑ ወለል ላይ ዘርግተን ሜትሩን ሳብኩ።